ሚስማር የማይፈውሰው ምሰሶ

በጎጃም ደጋ ከተሞች ፎቅ ቤት እየበዛ ነው። የደረጃው ምሰሶ ግን ቤቱ ሳያረጅ ይላላል። ለምን? በኮላ ይያዛል ወይስ በብሎን?

አናጢው ደረጃውን አልወጣም። ከመጀመሪያው እርከን ሥር በርከክ ብሎ ግራ መዳፉን ወለሉ ላይ አሳረፈ፤ በቀኙ የምሰሶውን አናት ይዞ ወደ ራሱ ሳበው፣ መልሶም ገፋው። ምሰሶው አንድ ጣት ያህል ሄዶ ተመለሰ። የቤቱ ባለቤት፣ ጋቢ የደረቡ ጠና ያሉ እናት፣ ከሳሎኑ በር ላይ ቆመው ይመለከታሉ። መጀመሪያ ልጃቸው፣ ቀጥሎ አንድ የሰፈር ሠራተኛ ሚስማር እንደመቱበት፣ በተመታ ቁጥር ለጥቂት ሳምንት ጸንቶ እንደገና እንደሚላላ ነገሩት። አናጢው የስልኩን መብራት አብርቶ ሥሩን አየ። የሚስማር ራስ በየአቅጣጫው ተሰግስጓል፤ በመካከላቸው እንጨቱ ተሰንጥቋል።

«እማማ፣ እዚህ ላይ ሌላ ሚስማር ብመታ ገንዘብዎን መብላት ነው» አላቸው።

«ታዲያ ምን ይሻላል ልጄ?»

«መጀመሪያ የሚነቃነቀው የቱ እንደሆነ ልየው።»

ቤቱ ያለው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ችግሩ ግን የዚህ ቤት ብቻ አይደለም። ከደጀን ተነስቶ በሉማሜ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በአማኑኤል፣ በደንበጫና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ ቡሬ የሚያልፈውን አውራ መንገድ ተከትለው በበቀሉት ከተሞች፣ ከታች ሱቅ ወይም ምግብ ቤት፣ ከላይ መኝታ ያለው ቤት የተለመደ ነው። ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ በአንዱ ቤት እንጨት፣ በሌላው ሲሚንቶ ነው። መደገፊያውን ይዞ የሚወጣ ሰው ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነገር ያውቃል፤ የሚያምነውና የማያምነው ምሰሶ አለ። የቤቱ ሰው የትኛውን መያዝ እንደሌለበት ለምዶታል። እንግዳው አልለመደውም።

ረጅም ክንድ

የደረጃ ምሰሶ የእጅ መደገፊያው የሚጀምርበት፣ ደረጃው ሲታጠፍም መደገፊያው የሚያርፍበት ወፍራም ቋሚ ነው። ጣራ አይሸከምም፣ ወለልም አይሸከምም። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ከጌጥ ይቆጥረዋል፤ የሚሠራው ባለሙያም አንዳንዴ እንደዚያው። የዚህ ምሰሶ ሸክም ግን የሚመጣው ከጎን ነው። ከላይ የሚጫን ክብደት ቋሚን ወደ መሬት ያጸናዋል፤ ከጎን የሚገፋ እጅ ግን ከሥሩ ይነቅለዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ምሰሶው ከወለሉ በላይ 90 ሳንቲ ሜትር ቢቆምና ከሥር ከጣውላው ጋር የተያያዘበት ክፍል 9 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ አናቱ ላይ ያረፈ ጉልበት ማያያዣው ዘንድ ሲደርስ አስር እጥፍ ይሆናል። እግራቸው የከዳቸው ሽማግሌ የ20 ኪሎ ያህል ገፋ ቢያደርጉት ከሥር ያለው ሚስማር በ200 ኪሎ ጉልበት ይሳባል። አንድ ቀን ይችለዋል። ነገም ይችለው ይሆናል። ግን ደረጃው ላይ በየቀኑ ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ልጆች ምሰሶውን ይዘው ይዞራሉ፤ ኩንታል የተሸከመ ወዛደር በትከሻው ይታከከዋል። ወዲያና ወዲህ በተባለ ቁጥር ሚስማሩ የገባበት ቀዳዳ በጥቂቱ ይሰፋል። የሰፋ ቀዳዳ ተመልሶ አይጠብም።

በልዩ ልዩ አገሮች የደረጃ አደጋ ሲጠና ተደጋግሞ የታየ አንድ ነገር አለ፤ ሰው ሲወጣ ከሚወድቀው ይልቅ ሲወርድ የሚወድቀው ይበዛል። የሚወርድ ሰው ሚዛን ሲስት እጁን የሚልከው ወደ መደገፊያው ነው። በዚያች ቅጽበት ምሰሶው አብሮት ከሄደ ሌላ የሚይዘው ነገር የለም። የላላ ምሰሶ ጭራሽ ምሰሶ ከሌለው ደረጃ የሚብሰውም በዚህ ነው። ምሰሶ በሌለበት ሰው ግድግዳውን ይዞ፣ እየተጠነቀቀ ይወርዳል፤ ያለ በሚመስልበት ግን ሙሉ ክብደቱን አምኖ ይሰጣል።

> የቤቱ ሰው የትኛውን መያዝ እንደሌለበት ለምዶታል። እንግዳው አልለመደውም።

ትናንት የተቆረጠ ዛፍ

አናጢ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ሽታ ነው፤ ከመጋዙ ሥር የሚወጣ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ። ጣውላው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አንዳንዱ ገና ጭማቂው አልጠፋም፤ በእጅ ሲነኩት ይቀዘቅዛል። ወለሉን የሸፈነው ሰጋቱራ ራሱ እርጥብ ስለሆነ አይቦንንም፣ እየተጋገረ ይከመራል። የችግሩ መነሻ እዚህ ነው።

የአውስትራሊያ ተወላጅ የሆነው ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እየራቀ ለነበረው ሕዝብ ትልቅ እፎይታ ሆነ። ዛሬ በጎጃም ደጋ ከገበሬው ጓሮና ከማሳው ዳር አይጠፋም። በብርዳማው ከፍታ ነጭ ባሕር ዛፍ፣ ዝቅ ባለው አገር ቀይ ባሕር ዛፍ ይበረክታል። ለገበሬው ልጅ የሚያስተምርበት፣ ሠርግ የሚደግስበት፣ የክፉ ቀን ገንዘቡ ነው። ማሳ ያደርቃል፣ ምንጭ ያሸሻል የሚለው ክርክር እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ያለ ባሕር ዛፍ የደብረ ማርቆስ ቤቶች አይቆሙም ነበር። እንጨቱን መኮነን አይገባም። ጥፋቱ ከአጣደፍነው ከእኛ ነው።

አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ በውስጡ የሚይዘው ውኃ ደረቅ እንጨቱ ራሱ ከሚመዝነው የማይተናነስበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህ ውኃ ከፊሉ በእንጨቱ ባዶ ቦታዎች ውስጥ ያለ ነው፤ እሱ ሲወጣ እንጨቱ ይቀላል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። ውኃው ከደረቁ እንጨት ክብደት ከመቶ 30 ገደማ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከዚያ በታች የሚወጣው ከእንጨቱ ክሮች ግድግዳ ውስጥ ስለሆነ ክሮቹ ይኮማተራሉ። ነጭ ባሕር ዛፍ በዚህ ጠባዩ ከብዙ እንጨቶች ይከፋል። ዓመታዊ ቀለበቱን ተከትሎ ባለው ወርድ ከመቶ 10 እና ከዚያ በላይ ሊኮማተር ይችላል፤ በቁመቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያሳይም። 10 ሳንቲ ሜትር ወርድ ኖሮት የተቸነከረ ምሰሶ ሲደርቅ 9 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አንዱ ጎን ከሌላው ይበልጥ ስለሚኮማተርም አራት ማዕዘኑ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ሚስማሩስ? ሚስማር እንጨት ውስጥ የሚቆየው ክሮቹ ዙሪያውን ጨምቀው ስለያዙት ነው። በእርጥብ እንጨት የተመታ ሚስማር እንጨቱ ሲደርቅ ከያዘው ጉልበት አብዛኛውን ያጣል። በዚያ ላይ የምሰሶ ሥር ብዙ ጊዜ የሚቸነከረው በተቆረጠው አፉ በኩል፣ ወደ ክሮቹ ጫፍ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሚስማር ከመጀመሪያውም ደህና አድርጎ አይዝም።

የዚህ አገር ወቅቶች የቀረውን ይጨርሱታል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ከጮቄ ተራራ በስተደቡብ ያለች ደጋ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበቱ ቤት ውስጥ ይገባል፤ እንጨት ያብጣል፣ በር አልዘጋ ይላል። ከጥር እስከ ሚያዝያ ደግሞ ያው በር ይላላል። የላላ መጥረቢያ ውኃ ውስጥ የነከረ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። እጀታው አብጦ ለጊዜው ይጠብቃል፤ ግን ሲያብጥ ብረቱ ስለማያፈናፍነው ክሮቹ ይደቃሉ፣ ሲደርቅም ከበፊቱ ያነሰ ይሆናል። በጠባብ መገጣጠሚያ የታሰረ የደረጃ ምሰሶም በየክረምቱ እንዲሁ ይደቃል። «በክረምት ደህና ነበር፣ በጋ ሲገባ ለቀቀ» የሚለው የቤት ባለቤቶች እሮሮ ትክክል ነው፤ በክረምት ጸና የተባለው ግን የሚደቅበት ጊዜ ነበር።

በዓለም አናጢዎች ዘንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት በጥላ ሥር አንድ ዓመት ማድረቅ። ለወፍራም የባሕር ዛፍ ምሰሶ ይህ የዓመታት ትዕግሥት ነው። የዛሬ ገበያ ያን አይጠብቅም። አናጢዎች ራሳቸው ይህን አይክዱም፤ ደረቅ እንጨት አስቀምጠን እንጠብቅ ብንል ገንዘባችን ይታሰራል፣ ደንበኛውም ወደ ሌላ ይሄዳል ይላሉ። ሐቅ አላቸው። ቢያንስ ለምሰሶዋ ለአንዷ ብቻ ደረቅ እንጨት መምረጥ ግን ከአቅም በላይ አይደለም። ከፈረሰ ቤት የወጣ የቆየ ጽድ ወይም ወይራ ካለ ከማንኛውም አዲስ ጣውላ ይበልጣል። አገር በቀል ዛፎችን መቁረጥ በሕግ የተገደበ በመሆኑ ይህ አሮጌ እንጨት እሳት ሊገባ አይገባውም ነበር።

ከቆጥ ወደ ፎቅ

የቀድሞው የጎጃም ቤት ደረጃ አልነበረውም። ቆጥ ነበረው፤ ወደ ቆጡ የሚያወጣው ደግሞ መሰላል ነው። መሰላል ይነሳል፣ ይጋደማል፣ ሲላላ ልጡ ወይም ጠፍሩ ይጠብቃል፤ ካረጀም ሌላ ይሠራል። ጽኑ የእንጨት ሥራ በቤተ ክርስቲያን ይታይ ነበር። በክብ አብያተ ክርስቲያናቱ ጣራውን የሚሸከሙት ምሰሶዎች ከጸና እንጨት ተመርጠው፣ በጥንቃቄ ተጠርበው የቆሙ ናቸው። ከተማዋ ራሷ ከመንቆረርነት ወደ ደብረ ማርቆስነት የተሻገረችው በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ነው። በ1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው የተሾሙት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻቸው አደረጓት።

ባለ ፎቅ ቤትና የቆመ ደረጃ በአገራችን ከተሞች የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው፤ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት፣ ከውጭ በመጡ አናጢዎችና እነሱ ባሠለጠኗቸው እጆች። አዲስ አበባ ፒያሳ ያለው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ከ100 ዓመት በላይ የእንግዳ እግር ያልተለየው የእንጨት ደረጃው ዛሬም ይታወቃል። በጥር 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ደርሶበት ጃዝ አምባ የተባለው የሙዚቃ ቤት የነበረበት ክፍል መውደሙ ሲሰማ ብዙዎች ያዘኑት እንዲህ ያለ የእንጨት ሥራ በቀላሉ እንደማይተካ ስለሚያውቁ ነው።

በደብረ ማርቆስ የፎቅ ጉጉት የጨመረው ግን በቅርቡ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈትላት ተማሪና መምህር መጣ፤ የሚከራይ ክፍል ተፈለገ። ባለ ይዞታው መሬቱ አልሰፋለት ሲል ወደ ላይ ወጣ።

የመጨረሻዋ ሥራ

ቤት የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጊዜ አለ። መሠረቱ ወጥቷል፣ ጣራው ተመትቷል፣ በርና መስኮቱ ገብቷል፤ ገንዘቡም አልቋል። የደረጃው መደገፊያ የሚመጣው በዚህ ሰዓት ነው። ባለቤቱ በተረፈችው ብር ከተረፈው ጣውላ አንድ ነገር እንዲሠራለት ይጠይቃል። ሠራተኛውም ሒሳቡን ለመዝጋት ቸኩሏል። ምሰሶው ከወለሉ ጋር የሚያያዝበት ቦታ አስቀድሞ አልታሰበለትም፤ ወለሉ ከተነጠፈ በኋላ በላዩ ይቀመጣል፣ በሰያፍ ይቸነከራል፣ ቀለም ይቀባል። ያን ቀን ደንዳና ይመስላል።

በእኔ እምነት ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ነው። መደገፊያው ከቀለምና ከመጋረጃ ጋር በአንድ መዝገብ የሚገባ ማጠናቀቂያ ሆኖ እስከታየ ድረስ ምሰሶው ሁልጊዜ ይላላል። ወለሉ ከመነጠፉ በፊት፣ የወለሉን ጣውላ የሚሸከሙት አግዳሚዎች ገና ክፍት ሳሉ ምሰሶው ወርዶ በአግዳሚው ጎን በብሎን ቢያዝ ሥራው የአንድ ሰዓት ነው። በውጭ አገር የቆዩ ደረጃዎች ምሰሶ ከወለሉ በታች ወርዶ ከአግዳሚው ጋር የሚታሰረው ለዚህ ነው። ወለሉ ካለቀ በኋላ ግን ያው ሥራ ጣውላ መንቀልን ይጠይቃል። ሳይነቅሉ የሚደረገው ጥገና ቀጥሎ ያለው ነው።

> ወለሉ ከመነጠፉ በፊት ምሰሶውን ማሰር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ኮላ ወይስ ብሎን

ወደ አናጢው እንመለስ። የሚነቃነቀውን ለማግኘት ሁለት ሰው ያስፈልጋል ብሎ የቤቱን ልጅ ጠራ። ልጁ ምሰሶውን ሲገፋ እሱ ጣቶቹን በየመገጣጠሚያው ላይ እያሳረፈ ዳሰሰ። ምሰሶው ብቻውን ደረጃውን በጎን ከተሸከመው ጣውላ ይለያል? ወይስ ጣውላው ራሱ ከምሰሶው ጋር አብሮ ከወለሉ እየተነሳ ነው? ወይስ ሥሩ ደህና ሆኖ መደገፊያው ከምሰሶው አናት ጋር የተያያዘበት ነው የለቀቀው? ሦስቱ ሦስት የተለያየ መድኃኒት አላቸው። ስንጥቁ ለዓይን ካልታየ ቀጭን ወረቀት ጠርዙን ማስገባት ነው። ወረቀቱ እስከየት ድረስ እንደሚሄድ ያየ ሰው መገጣጠሚያው ምን ያህል እንደተከፈተ ይረዳል።

ኮላ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ ነው፤ ርካሽ ነው፣ መሣሪያ አይጠይቅም። ነጩ የእንጨት ኮላ በሚገባው ቦታ ከገባ መገጣጠሚያው ከእንጨቱ ከራሱ ይጠነክራል። የሚገባው ቦታ ግን ጠባብ ነው። ኮላ የሚይዘው ንጹሕ እንጨትን ነው፤ ቀለም፣ ቫርኒሽ፣ ቅባት ወይም የቆየ ኮላ የተቀባን እንጨት አይዝም፤ የያዘው ሽፋኑን ነውና ከሽፋኑ ጋር ይላጣል። ሁለቱ ፊቶች ተጠባብቀው መግጠም፣ እስኪደርቅም በሞርሳ ወይም በገመድ ተጨምቀው መቆየት አለባቸው። በክፍተት ውስጥ የፈሰሰ ነጭ ኮላ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ጉልበት የለውም። ኮላን ከሰጋቱራ ጋር ለውሶ ስንጥቅ መሙላት ለዓይን ያምራል፤ ምሰሶ ግን አይዝም። በተቆረጠው አፍ በኩል የተቀባ ኮላ ደግሞ በክሮቹ ቱቦ ተስቦ ስለሚጠፋ መገጣጠሚያው ደረቅ ይቀራል።

የደጋው ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ነጭ ኮላ ብርድ አይወድም። ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች በሚወርድ ቅዝቃዜ ብዙዎቹ ኮላዎች በሚገባ አይያያዙም፤ ሲደርቁ እንደ ኖራ ነጥተው ይፈረፈራሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ በደብረ ማርቆስ ማምሻውን ኮላ ቀብቶ ማደር ኮላውን ማባከን ነው። ፀሐይ ሞቅ ሲል መቀባት፣ እስኪይዝም ቤቱን ማሞቅ ይገባል። በሁለት ቱቦ መጥቶ የሚቀላቀለው ኤፖክሲ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ክፍተት ይሞላል፣ ሲደርቅም አይኮማተርም። እሱም ቢሆን ብርድ ያዘገየዋል፣ ቆሻሻ እንጨትም አይዝም። ከነጩ ኮላ ስለሚወደድ ለጠባብ ቦታ ብቻ ይመረጣል።

እንግዲህ ኮላ ብቻውን የሚበቃው መቼ ነው? መደገፊያው ከምሰሶው ጋር በወንዴና ሴቴ ተገጣጥሞ በጥቂቱ ሲላላ፣ እንጨቱም ደረቅ ሲሆን። ያን ጊዜ መገጣጠሚያውን ፈትቶ፣ አሮጌውን ኮላ በመሮ ፍቆ፣ ወንዴው ከቀጠነ ከደረቅ ወይራ የተሰነጠቀ ሽብልቅ ጨምሮ መልሶ ማጣበቅ ይቻላል። ለምሰሶው ሥር ግን ኮላ ብቻውን በቂ ነው የሚል አናጢ ካለ ሌላ አናጢ ይፈለግ። ሥሩ ያን አስር እጥፍ ጉልበት የሚቀበል ቦታ ነው።

ብሎን ሥራው ሌላ ነው። ሚስማር በክሮቹ ጭመቃ ብቻ ሲኖር፣ ብሎን ግን ከዳር እስከ ዳር አልፎ ሁለቱን እንጨቶች በራሱና በዳዶው መካከል ይጨምቃቸዋል። እንጨቱ ሲኮማተር ዳዶው እንደገና ይጠብቃል። ሚስማር ይህን ዕድል አይሰጥም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። አሮጌዎቹ ሚስማሮች በፒንሳ ይነቀላሉ፤ ያልወጣው ትራፓኖው እንዳይመታው ቦታው ይለያል። በምሰሶውና በጣውላው መካከል የተከፈተው ክፍተት በብሎን ብቻ ተስቦ እንዲዘጋ አይገደድም፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ከደረቅ እንጨት የተላገ ስስ ቁራጭ ኮላ ተቀብቶ ይገባል። ከዚያ ቀዳዳው ይበሳል። ለተለመደ የቤት ምሰሶ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን በቂ ነው፤ ሁለት መሆን ግን አለበት። አንድ ብሎን ምሰሶውን ይይዘዋል፣ ከመዞር ግን አያግደውም። ሁለቱ አንዱ ላይ አንዱ ታች ሆነው፣ በአንድ የክር መስመር እንዳይሰለፉ ትንሽ ግራና ቀኝ ፈቀቅ ይላሉ። በአንድ መስመር ከተሰለፉ ባሕር ዛፉ በዚያው መስመር ይተረተራል። ለጠርዝ መቅረብም አይገባም።

ትራፓኖው ከአንድ ወገን እየበሳ ሄዶ ጫፉ በሌላው ወገን ብቅ ሲል ይቆማል፤ የቀረው ከወዲያኛው ወገን ይበሳል። እንዲህ ሲሆን እንጨቱ አይቦጨቅም። ከብሎኑ ራስና ከዳዶው ሥር ሰፊ ሮንዴላ መግባት አለበት። ይህች ክብ ብረት ከሌለች ዳዶው ሲጠብቅ እንጨቱ ውስጥ ይሰምጣል፤ ጭመቃውም ይጠፋል። የብሎኑ ራስ እንዳይታይ የሚፈልግ መጀመሪያ ሰፋ ያለ፣ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ጉድጓድ በስቶ ራሱን ከዚያ ውስጥ ያሳርፈዋል፤ በላዩ ክብ የእንጨት ክዳን ይገጥማል።

አናጢዎች ኮላ ወይስ ብሎን ሲባሉ ብዙዎቹ ሁለቱንም ይላሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፣ ቅደም ተከተሉ እስከታወቀ ድረስ። ብሎኑ የሚይዘው ነው፤ ኮላው በሁለቱ ፊቶች መካከል ያለችውን ትንሽ መንሸራተት የሚከለክል ነው። ብሎኑ ራሱ ለኮላው ሞርሳ ይሆንለታል። ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ማንም እንዳይደገፍበት መከልከል ያስፈልጋል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው።

ከጀርባ ብሎን የሚቀበል ጣውላ ከሌለስ? ምሰሶው ወለሉ ላይ ብቻ ተቀምጦ ከሆነ አንድ ጎኑ በወለሉ፣ ሌላው በምሰሶው ላይ የሚያርፍ አንጎላሬ በሁለት ወገን ይገባል። አያምርም፤ ይይዛል። ከታች ገብቶ መሥራት ከተቻለ ደግሞ ከወለሉ ሥር በሁለት አግዳሚዎች መካከል ወፍራም እንጨት አስገብቶ ምሰሶውን ወደ እሱ መሳብ ከሁሉም ይሻላል።

ሥሩ ሲበሰብስ

ብሎንም ኮላም የማይረዱበት ምሰሶ አለ። በረንዳ ላይ ያለና ዝናብ የሚረጨው፣ ወይም ወለል በታጠበ ቁጥር ሥሩ ውኃ የሚጠጣ ምሰሶ ከውስጥ ይበሰብሳል። በሚስማሩ ዙሪያ የሚታየው ጥቁር ቀለም እርጥበት መግባቱን ያመለክታል፤ ብረቱ በእንጨቱ ውስጥ ካለው ማልፊያ ነገር ጋር በውኃ ሲገናኝ ያጠቁረዋል። ፈተናው ካቻቢቴ ነው። ጫፉን ሥሩ ላይ ጫን ሲያደርጉት ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ ሞቷል። እንዲህ ባለው ላይ ብሎን ማጥበቅ የበሰበሰውን መጭመቅ ብቻ ነው። ደህናው ክፍል እስከተገኘበት ድረስ ተቆርጦ፣ ሁለቱ ጫፎች እኩሌታቸው ተጠርቦ አንዱ በአንዱ ላይ ተጋድሞ፣ በኮላና በሁለት ብሎን አዲስ እግር ይቀጠልለታል። ቁመቱ ደህና ካልሆነ ይለወጣል።

ሲሚንቶው ደረጃ

የሲሚንቶ ደረጃ ያለው ሰው ይህ ሁሉ አይመለከተኝም ሊል ይችላል። የብረት መደገፊያም ይላላል፤ ምክንያቱ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ደረጃው ከፈሰሰ በኋላ በላዩ አሸዋና ሲሚንቶ ይነጠፋል፣ ከዚያ እብነ በረድ ወይም ሴራሚክ ይለበጣል። በያጁ የምሰሶውን ብረት እግር በፊሸር ሲያስር የሚበሳው ቀዳዳ አጭር ከሆነ ፊሸሩ የሚይዘው ልባጡንና ሥሩ ያለውን ልስን ብቻ ነው። ኮንክሪቱ ጋ አይደርስም። ጥቂት ወራት ይቆይና ንጣፉ ከነብሎኑ ይነሳል።

መድኃኒቱ ጥልቅ መብሳት ነው፤ ልባጡን አልፎ ኮንክሪቱ ውስጥ በቂ እስኪገባ። ሁለተኛው ጥንቃቄ ከጠርዝ መራቅ ነው። ሲጠብቅ እየሰፋ የሚይዝ ፊሸር ለእርከኑ ጠርዝ ከቀረበ ኮንክሪቱን ገፍቶ ይሸርፈዋል። ቦታው ጠባብ ሆኖ ከጠርዝ መራቅ ካልተቻለ ቀዳዳው ከአቧራው በሚገባ ተጠርጎ፣ ኤፖክሲ ተሞልቶበት ጥርስ ያለው ብረት ይተከልበታል፤ ይህ ስለማይሰፋ ጠርዙን አይገፋም። አቧራውን አለመጥረግ ግን ሥራውን ከንቱ ያደርገዋል፤ ኤፖክሲው የሚይዘው አቧራውን ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው አሁንም አስቀድሞ ማሰብ ነው፤ ደረጃው ሲፈስ ከፌሮው ጋር የታሰረ የብረት ሰሌዳ አብሮ ተቀብሮ ቢቀር በያጁ ኋላ በላዩ ይበይዳል።

እስከ ሚያዝያ

አናጢው ሥራውን ሲጨርስ የእንጨቱን ክዳን በኮላ አላጣበቀውም። በእጅ ጫን አድርጎ አስገባው። እማማ ለምን እንዳልመረገው ጠየቁት። ብሎኑ የተጠበቀው እንጨቱ እርጥበት በጠገበበት በመስከረም ነው፤ በጋው ሲገፋ ይኮማተራል፣ ዳዶውም በዚያው ልክ ይላላል። ስለዚህ በሚያዝያ ክዳኑን በቢላ ጫፍ አንስተው፣ ዳዶውን በቁልፍ ሞክረው፣ የሚቀበለውን ያህል ማጥበቅ ነው። እንጨቱ እየደረቀ ሲሄድ በየዓመቱ የሚቀበለው እየቀነሰ ይሄዳል። መጥበቁ የሚበቃው ሮንዴላው እንጨቱን መንከስ ሲጀምር ነው፤ ከዚያ አልፎ ማጥበቅ ክሩን ያደቀዋል። ለዚህ አናጢ መጥራት አያስፈልግም። የብሎኑን ቁጥር በክዳኑ ጀርባ በእርሳስ ጽፎላቸዋል፤ ልጃቸው የትኛውን ቁልፍ መዋስ እንዳለበት ያውቃል።